ሃርድቶፕ ላይ ሁለተኛ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛው ስለ ነዳጅ ነው፣ አይገርምም፣ ሰልፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመሃላቸው አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ራሴ በዛው መንገድ ሄጄ በገንዘቤም በእንግዶቼም ፊት ተቀጥቼበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የቱር ሹፌር ነኝ፣ ከጨረታ የገዛነው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለን፣ 78ቱ፣ ሞተሩ ዋን ኤችዜድ ነው። የኛው ባለ አንድ ታንክ ነው፣ 90 ሊትር። ኦሞ ስንወርድ ድሮ ፖርቶመጋላ ላይ አምስት ጀሪካን አስረን ነበር የምንሄደው፣ አሁን ማደያዎቹ በጀሪካን አንቀዳም ይላሉ፣ ጂንካ ደሞ አንዳንዴ ጭራሽ ናፍጣ የለም፣ ባለፈው እንግዶቼን ይዤ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። አንድ በያጅ 120 ሊትር የሚይዝ ሳልባትዮ ከላሜራ ቆርጦ ከኋላ የመኪናው አጽም፣ ሻንሲው ላይ በይዶ በሦስት ቀን ሊያስረክበኝ ተስማምቷል። ላሰራ ወይስ ይቅርብኝ? ከገርጂ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሰራ፣ ግን እንደዚህ አይደለም። "ሻንሲው ላይ በይዶ" የሚለውን ሳነብ ነው ቡናዬን ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። ዋን ኤችዜድ ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ሞተር ነው፣ ጤነኛ ከሆነ አስፋልት ላይ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ጠጠርና ጭቃ ላይ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ስድስት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ፣ 5 ብትል ነው የሚሻለው። ስለዚህ 90 ሊትርህ በአስፋልት 630፣ በመጥፎ መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዛ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋን 10 ሊትር አትቁጠራት፣ እዛ ታች ያለው ውሃና ዝቃጭ ነው። አርባ ምንጭ ሞልተህ ብትነሳ ኮንሶን አልፈህ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ፣ ጂንካ አድረህ ማጎ ገብተህ ወጥተህ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ከዛ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ ደርሰህ ተመልሰህ፣ ሰኞ የቱርሚን ገበያ አሳይተህ እንደገና አርባ ምንጭ እስክትመጣ ድረስ አንዱ ታንክ አይበቃህም፣ መሃል ላይ የሆነ ቦታ መቅዳት አለብህ፣ ያ የሆነ ቦታ ደግሞ ጂንካ ነው፣ ጂንካ ከሌለ በቃ ቆምክ። 90 ሊትር ብትጨምር ግን ዙሩን በሙሉ ማንንም ሳትለምን ትጨርሳለህ። 120 ለምን አስፈለገህ? በያጁ ላሜራው ስለተረፈው ካልሆነ በቀር።

ክብደቱን አስበው። ናፍጣ በሊትር 840 ግራም ገደማ ነው፣ 120 ሊትር 100 ኪሎ ማለት ነው፣ ታንኩ ራሱ ከነማሰሪያው 35 ኪሎ በለው። 135 ኪሎ፣ ሁለት ሰው ማለት ነው። ችግሩ ኪሎው ብቻ አይደለም፣ የሚንጠለጠልበት ቦታ ነው። ታንኩ ከኋላ አክሰል 90 ሳንቲ ወደ ኋላ ቢሰቀልና የሃርድቶፑ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ98 ስለሆነ፣ እንደ ሚዛን እንጨት ይሰራል፣ የኋላ ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው ባለ ቅጠል ሞላ) ላይ የሚያርፈው 176 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ፊት ለፊት ደግሞ 40 ኪሎ ይቀልልሃል። ፊቱ ሲቀል መሪው ይለሰልሳል፣ ማታ መብራትህ ዛፍ ላይ ያሉ ወፎችን ያያል፣ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ የፊት ጎማ እንደለመድከው አይነክስም። ባሌስትራህ አሁንም ተኝቶ ከሆነ፣ የቱር መኪና ሆኖ ያልተኛ አላየሁም፣ አንድ ቅጠል ሳትጨምር ታንክ አታስብ።

ለዛም ነው መጀመሪያ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ተራው ጋ ወርደህ የፋብሪካውን ሁለተኛ ታንክ ፈልግ የምልህ። ቶዮታ ይሄን መኪና ባለ ሁለት ታንክ አድርጎም ይሰራዋል፣ 90 እና 90፣ በጠቅላላ 180 ሊትር፣ ብዙዎቹ የዕርዳታ ድርጅት መኪናዎች እንደዛ ናቸው፣ ተጋጭተው የተበለቱም አይጠፉም። ስትገዛ ግን ታንኩን ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ! ከነአንገቱ፣ ከነተንሳፋፊ ጌጁ፣ ከነማሰሪያ ቀበቶው፣ ዳሽቦርድ ላይ ካለችው ሜይንና ሰብ ከምትቀይረው ማብሪያ ማጥፊያ፣ እና ከሁሉም በላይ ከነቫልቩ። ያቺ ቫልቭ ከሌለች ምን እንደሚሆን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ታየዋለህ። የፋብሪካው ታንክ ቦታው የተጠና ነው፣ ሻንሲው ላይ ቀዳዳው አለ፣ ከጭስ ማውጫው ማርሚታና የኋላ ጎማን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከትራስሚሲዮኑ፣ ርቀቱ ተለክቶ ነው።

ከጠፋ ወይም ዋጋው የማይቀመስ ከሆነ አሰራው። ግን በያጁን እነዚህን ነገሮች ጠይቀው፣ ሲጠየቅ ፊቱ ከተኮሳተረ ሌላ ፈልግ።

ላሜራው ምንድነው? ጋልቫናይዝድ ከሆነ ተወው። እዚህ ጋ ነው የራሴ ታሪክ ያለው። ቱር እየነዳሁ በነበረበት ጊዜ አንድ ጋራዥ 80 ሊትር ሰራልኝ፣ ሲያምር ብታየው፣ የሚያብረቀርቅ የጣሪያ ቆርቆሮ ይመስላል፣ "ዝገት የሚባል አያውቀውም" ተባልኩ፣ እውነትም አልዛገም። አራተኛ ወሩ ላይ ከቀይ አፈር ወደ ዲመካ ስንወርድ መኪናው ዳገት ላይ መተንፈስ አቃተው፣ ነዳጅ እንደተነፈገ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ፊልትሮውን ፈታሁት፣ ውስጡ ልክ የራሰ ሳሙና የመሰለ ነጫጭ ልጥፍጥፍ። ቀየርኩ። 30 ኪሎ ሜትር ሄጄ እንደገና። ሦስተኛዋ የመጨረሻዬ ፊልትሮ ነበረች፣ እንግዶቹ መጀመሪያ ፎቶ ሲያነሱ ነበር፣ በሦስተኛው ካሜራቸውን አስቀምጠው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ጋልቫናይዝድ ላይ ያለው ዚንክ ከናፍጣው አሲድ ጋር ተዋህዶ የእውነት ሳሙና ይሰራል፣ ፊልትሮ ይደፍናል፣ ኢንጀክተር ላይም ይጋገራል። የመዳብ ቱቦም እንደዛው ናፍጣን ያበላሻል። ተራ ጥቁር ላሜራ፣ 2 ሚሊ፣ ከውጭ በደንብ ቀለም የተቀባ፣ ከውስጥ ምንም ያልተቀባ፣ ይሄ ይበቃል። ናፍጣው ራሱ ውስጡን ይቀባዋል፣ ውሃ እንዳይጠራቀም ብቻ ከታች ማፍሰሻ ቡሎን ይኑረው።

ውስጡ መከፋፈያ አለው? 90 ሊትር ባዶ ሳጥን ውስጥ ግማሽ ሲሆን ናፍጣው ይናጣል፣ ኮሮኮንች ላይ እያንዳንዱ ምት የ40 ኪሎ መዶሻ ነው፣ ብየዳው ከጥግ ይሰነጠቃል። ቢያንስ ሁለት መከፋፈያ፣ ጥግ ጥጋቸው የተቆረጠ፣ ናፍጣው ቀስ ብሎ እንዲያልፍ። ታንኩ ከተዘጋ በኋላ አይታይም፣ ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ሄደህ በአይንህ እይ፣ ስልክ ደውሎ "አድርጌዋለሁ" ያለህን አትመን።

እንዴት ነው የሚታሰረው? ሻንሲ ላይ አይበየድም። ሻንሲ ይጠማዘዛል፣ እንዲጠማዘዝ ነው የተሰራው፣ ታንኩ ግትር ሆኖ ከተበየደ አንዱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ታንኩ ወይ ሻንሲው፣ ሻንሲው ሲሆን ደሞ ሌላ መዘዝ ነው። በቡሎን፣ በመሃል ወፍራም ጎማ ገብቶ፣ ከማርሚታው ቢያንስ አንድ ክንድ ርቆ፣ መራቅ ካልቻለ መሃላቸው ላሜራ ጋሻ ተደርጎ። ከታች ደሞ ከአክሰሉ ከፍ ማለት አለበት፣ ወንዝ ስትሻገር ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው ዲፈረንሻሉን ይሁን እንጂ ታንኩን አይሁን።

መተንፈሻው የት ነው? ይሄ ነው ዋናው፣ ሰው ሁሉ ላሜራውን ያይና ቱቦዋን ይረሳታል። ከታንኩ የመጨረሻ ከፍታ የሚነሳ ቱቦ ወደ መሙያው አንገት መውጣት አለበት፣ ናፍጣ ሲገባ አየሩ በዛ ይወጣል። ቀጭን ከሆነች ወይም መንገድ ላይ ከተጣጠፈች ቀጂው ሁለት ሊትር በቀዳ ቁጥር የመቅጃው ሽጉጥ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ አረፋው ይገነፍላል፣ ከኋላህ ያለው ሰልፍ ይጮሃል፣ ቀጂው "ሞልቷል" ይልሃል፣ አንተ 40 ሊትር ይዘህ 90 ያለህ መስሎህ ትሄዳለህ። ሌላዋ ቀጭን መተንፈሻ ደግሞ መኪናው ሲሄድ አየር የምታስገባዋ ናት፣ እሷን ወደ ላይ፣ ከመስኮቱ ከፍታ ድረስ አስወጣት፣ አለበለዚያ ወይጦን አይነት ወንዝ ስትሻገር የሞቀው ታንክ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ይምጋል።

ታንኩ ሲያልቅ ለመፈተሽ ኮምፕሬሰር በቀጥታ እንዳይሰኩበት። ጎማ የሚሞላ አየር ሳጥን ታንክን እንደ ፊኛ ነው የሚነፋው፣ ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። 0.2 ባር፣ በእጅ ፓምፕ፣ የሳሙና ውሃ በብየዳው ላይ በብሩሽ፣ አረፋ ካላየህ ደህና ነው። እና የድሮ ታንክ ቆርጦ ለማስተካከል የሚነሳ በያጅ ካጋጠመህ ዞር በል፣ ከሙሉ ታንክ ይልቅ "ባዶ ነው" የተባለው ነው ሰው የሚገድለው፣ ውስጡ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ወረቀቱ፣ መኪናው ላይ የሚቀየር ነገር ከሊብሬው ጋር እንዳይጋጭና የዓመት ምርመራ ላይ ቦሎ እንዳያስከለክልህ አስቀድመህ ጠይቅ፣ ኢንሹራንሱንም በጽሁፍ አሳውቅ። በኮንትሮባንድ ነዳጅ የተነሳ ኬላ ላይ ተጨማሪ ታንክ ያለው መኪና ሲታይ ጥያቄ ይበዛል፣ የፋብሪካው ታንክ ከሆነ ግን ጥያቄው ያጥራል፣ ይሄም ሶማሌ ተራን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለቆመ ይቺ ሃርድቶፕ ነገ በሌላ የምትቀይራት አይደለችም፣ ሻንሲዋን የሚበሳ ሰው ስትመርጥ ያንን አስብ።

ከተገጠመ በኋላ አንድ ቀን መድብና አዲሱን ታንክ ባዶ አድርገህ 10፣ 10 ሊትር እየቀዳህ ጌጁ የት እንደቆመ ወረቀት ላይ ጻፍ። የተሰራ ታንክ ጌጅ ይዋሻል፣ ግን ሁልጊዜ አንድ አይነት ውሸት ስለሆነ ከተጻፈ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒካፕ 79 ነው የምነዳው፣ ለሎጅ ዕቃ አመላላሽ ነኝ። የራሱ 130 ሊትር አለው፣ ከኋላ 60 ሊትር አስጨምሬ በመዝጊያ ከአንዱ ወደ አንዱ እቀይራለሁ። ሁለተኛው ላይ አድርጌ ስሄድ ዋናው ታንክ በክዳኑ ናፍጣ ያፈሳል፣ ሁለተኛው ደሞ ከጠበቅኩት በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ሌባ ነው ብዬ ክዳን ቀየርኩ፣ አሁንም ያው ነው። ከሐዋሳ

መልስ፦ ሌባው ሞተርህ ነው። የናፍጣ ፖምፓ ከሚያቃጥለው በላይ ይስባል፣ ትርፉ ራሱን ፖምፓውን አቀዝቅዞና አለስልሶ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንክ ይመለሳል። ያንተ በያጅ የመሳቢያውን ቱቦ ብቻ ነው ሁለት ያደረገው፣ መመለሻው አሁንም ዋናው ላይ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ትስባለህ፣ ትርፉን ዋናው ላይ ትደፋለህ፣ ዋናው ሙሉ ከሆነ የት ይሂድ፣ በክዳኑ ይወጣል። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ከኋላህ ለሚመጣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል በረዶ ማለት ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለጊዜው መፍትሄው ቀላል ነው፣ ዋናው ሩብ እስኪቀረው ሳትቀይር ሂድ፣ ከዛ ስትቀይር የሚመለሰው ቦታ ያገኛል። ለዘለቄታው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መሳቢያውንም መመለሻውንም አንድ ላይ የሚቀይር ባለ ስድስት አፍ ቫልቭ ነው፣ የፋብሪካው ባለ ሁለት ታንክ የሚሰራው እንደዛ ነው። እኔ የምወደው ግን ሁለተኛው ነው፣ መዝጊያውን ጭራሽ አውጥተህ ሞተሩ ሁልጊዜ ከዋናው ብቻ ይጠጣ፣ ሁለተኛው ደሞ በትንሽ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ወደ ዋናው ይገልብጥ። በደቂቃ 2 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 60ውን ሊትር በግማሽ ሰዓት ያጋባዋል፣ ዋናው ግማሽ ሲደርስ ታበራለህ። ፓምፑ ቢበላሽ እንኳን መኪናው አይቆምም። ብቻ አብርተህ እንዳትረሳው፣ ሰዓት ያለው ማብሪያ ይሁን ወይም ቀይ መብራት ፊትህ ላይ ይብራ። ፓምፑ ሲያቆም ደሞ ናፍጣው በሳይፎን ራሱን እንዳይገለብጥ ማቆሚያ ቫልቭ ይግባበት። ቱቦዎቹንም ቀይር፣ የውሃ ቱቦ ጎማ አድርገውልህ ከሆነ በናፍጣ አብጦ ይላጣል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም፣ ከዱባይ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ላንድክሩዘር 200 አለን፣ ቤንዚን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሊዋ አሸዋው ላይ ከጓደኞቻችን ጋር እንወጣለን። ባለቤቴ ሎንግ ሬንጅ ታንክ (ለረጅም መንገድ የሚሆን ተጨማሪ ታንክ) እናስገጥም ብሎ ሙጭጭ ብሏል፣ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ የሚገባ አይቷል። እኔ ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፣ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ደብዳቤዬን አሳዪውና ተጣሉ። የገልፉ 200 ከፋብሪካው ሁለት ታንክ አለው፣ 93 እና 45፣ 138 ሊትር ማለት ነው። አሸዋ ላይ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳን 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለቅዳሜና እሁድ ሊዋ ይተርፋል። ናፍጣና ቤንዚን ደሞ አንድ አይደሉም፣ ናፍጣ በደህና ቀን ክብሪት ጭረሽበት እሺ አይልም፣ ቤንዚን ግን ትነቱ ነው የሚነድደው፣ እዛ ሙቀት ላይ ከልጆች ወንበር ጀርባ የቤንዚን ታንክ ማስቀመጥ እኔ አላደርገውም። በዛ ላይ እንደዚህ ያለ ለውጥ ያለፈቃድ ከተሰራ የመኪናው እድሳት ምርመራ ላይ ይያዛል።

ረጅም ጉዞ ካለ፣ ሩብ አል ኻሊን፣ ትልቁን በረሃ፣ ጠልቃችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ሁለት የብረት ጀሪካን ከመኪናው ውጪ በሚቆለፍ ማሰሪያ ይበቃል። ስትሞሉ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ መኪና ላይ እንዳለ ወይም ምንጣፍ ላይ ቆሞ አይሞላም፣ ስታቲክ ብልጭታ ይፈጥራል። እስከ አፉም አትሙሉት። እና ባለቤትሽ ነዳጅ መቆጠብ ከፈለገ የጎማ አየሩን አሸዋው ጋ ስትደርሱ ወደ 15 ፒኤስአይ ያውርደው፣ ብዙ ሰው 25 ላይ እየነዳ ነው "ቤንዚን ፈጀ" የሚለው። ሲመለስ አስፋልት ሳይነካ መልሶ መሙላት አይርሳ።

ጥያቄ፦ ፕራዶ 150 ናፍጣ አለኝ። ትንሽ የውሃ ሮቶ ገዝቼ ከኋላ ወንበር አውጥቼ ባስቀምጥና ሲያልቅ በኢምቡቶ ብገለብጥስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። ሮቶው ለውሃ ነው የተሰራው፣ ክዳኑ ጥብቅ አይደለም፣ ውስጡ መከፋፈያ የለውም፣ ድንገት ፍሬን ብትይዝ 80 ኪሎ ናፍጣ ከነእቃው ማጅራትህ ላይ ይመጣል፣ ያ ባይሆን እንኳን ሽታው ከወንበሩ ስፖንጅ በዓመትም አይወጣም። ያንተ 87 ሊትር በሊትር 9 ቢሄድልህ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በመጀመሪያ የት ለመሄድ እንደፈለግክ ጻፍልኝና እናወራለን።